ሲፒዩው 95 ዲግሪ ይገባል፤ ፔስት (የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት) ልቀይር ወይስ ፋን ልጨምር?

ጥያቄ፦ ዴስክቶፑ ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ ወዲያው 95 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱ ይወርዳል። ያለ ስራ ሲሆን 45 ነው። ኬዙ ከፊት 2 ፋን አለው፣ ከኋላ ምንም የለውም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ምንም ሳትገዛ የኬዙን የጎን ሽፋን ክፈትና ያንኑ ሬንደር አሰራው። ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ የጎደለው የአየር ዝውውር ነው፤ ከኋላ አየር የሚያስወጣ ፋን ግጠም። ካልወረደ ጥፋቱ ምናልባት ሂትሲንኩ (ሲፒዩው ላይ የተጫነው የብረት ማቀዝቀዣ) ስር፣ ፔስቱ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ለፔስቱ፦ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሙቀህ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል። ሂትሲንኩን ወደ ላይ አትጎትት! ግራና ቀኝ እያዞርክ አላቀው፤ ኤኤም4 (የኤኤምዲ ሲፒዩ መሰኪያ ዓይነት) ላይ ፔስቱ ከያዘው ሲፒዩው ከሶኬቱ ተነቅሎ ይመጣል፣ ፒኖቹም ይጣመማሉ። አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ። አዲሱ የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፤ አንዱን ጨርሰህ ካጠበቅከው ሂትሲንኩ ይዘማል።

መልስ 3፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የፋኑን ፍጥነት ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ አስተካክል። የማዘርቦርድ አምራቾች ፕሮግራሞች ከባድና አሰልቺ ናቸው፤ ዊንዶውስ ሳይነሳም አይሰሩም። የባዮሱ ቅንብር ሊኑክስ ብትጭንም አብሮህ ይቆያል።