ደንበኛ ባለ ስድስት ቀለም መስመር አድርግልኝ ቢል እንሠራለን ወይስ አንሠራም?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንመካከር። ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ዌብሳይት የምሠራለት የውጭ ደንበኛ አለኝ። ትናንት መልእክት ላከ። በፈረንጆቹ ጁን ወር ገጹ አናት ላይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሰንደቅ ቀለማት ይግቡ አለኝ። ሲኤስኤሱ፣ ማለትም የገጹን መልክና ቀለም የሚወስነው ኮድ ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ነው። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናንተ ብትሆኑስ?

የሸዋ በር ልጅ፦ እኔ አልሠራም። እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ጉዳይ ቃሉ አንድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይከለክላል። እንጀራ ከሌላም ይገኛል። «ይችን ክፍል ሌላ ሰው ይሥራልህ» በለው፣ በትህትና።

የቦርከናዋ፦ ወንድሜ፣ እምነትህን አከብራለሁ። ግን አንቀጹ የሚያወራው ስለ ድርጊት ነው፣ ስለ ቀለም አይደለም። ገጹም የሰውዬው ነው። ኮምቦልቻ ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ሐጂ ናቸው። ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ ላይ ጥለት ሲሰፉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሃይማኖታቸውን ቀየሩ ያለ ሰው አልሰማሁም።

የሸዋ በር ልጅ፦ እህቴ፣ ጥምቀትን ከዚህ ጋር አታወዳድሪው። ሐጂ ጥምቀትን ነውር ነው አይሉም፤ የጎረቤታቸው በዓል ነው። እኔ ግን ይሄን ልክ ነው ብዬ አላምንም። የማላምንበትን በእጄ አልሠራም። ሰዎቹን ጥሉ፣ ስደቡ አላልኩም። ያንንማ ማን ፈቀደልኝ?

መምህሩ፦ ልጆች፣ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። አምና ለአንድ አጸደ ሕፃናት ገጽ ሠራሁ። አንዲት ሕፃን በከለር የሳለችውን ቀስተ ደመና አናቱ ላይ አደረግሁት። ሳምንት ሳይሞላ «ኧረ አንሣው፣ ሰው ምን ይላል» ተባልኩ። አነሣሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰንደቁ ስድስት ቀለም ነው፤ የልጅቷ ሰባት ነበር። ቆጥሬዋለሁ። አያቶቻችን የማርያም መቀነት የሚሉት ያ ነው። ከዝናብ በኋላ ጦሳ ተራራ ላይ ሲወጣ ልጅ ሁሉ ከቤት ወጥቶ ያየዋል። ሰንደቁ የመጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጊልበርት ቤከር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስምንት ቀለም አድርጎ ሠራው። ደማቅ ሮዝ ጨርቅ እንደ ልብ አልገኝ ሲል አንዱ ቀነሰ፣ ቀጥሎም ስድስት ሆነ። የእኛ መቀነት ከዚያ በፊትም ነበር። ለሰንደቅ ያላችሁ ተቃውሞ ሌላ፣ ከሕፃን ሥዕል መሸሽ ሌላ።

የቦርከናዋ፦ መምህር፣ እውነትዎን ነው። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ የልጁ ደህንነት ነው። ገጹ ግርጌ ላይ «የሠራው እገሌ» የሚል አለ? አንድ ሰው ስክሪንሹት አንሥቶ ቢያዞረው ማን ነው ቆሞ የሚያስረዳለት? እናቱ ጭምር ናት የምትሰቃየው። ስሙን ከዚያ ያጥፋ።

የጦሳ ልጅ፦ ስሜ አለበት። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የቦርከናዋ፦ ከሠራህ ደግሞ በዋናው ስታይልሺት፣ በሲኤስኤሱ ፋይል ውስጥ አትቀላቅለው። ለብቻው ፋይል አድርግለት፤ ወሩ ሲያልቅ ራሱ ያነሣዋል። በሊኒየር ግራዲየንት፣ ቀለማትን ተራ በተራ በሚደረድረው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ስትሠራው ለእያንዳንዱ ቀለም መነሻና መድረሻ ስጥ። አንድ ነጥብ ብቻ ከሰጠኸው ቀለሙ እርስ በርሱ ይቀላቀላል። ጽሑፍ እላዩ ላይ አታሳርፍ። ነጭ ፊደል ቢጫው ላይ አይነበብም።

የሸዋ በር ልጅ፦ አሁን እንዴት እንደሚሠራ አስተማርሽው እኮ። ጥያቄው ይሠራ ወይ ነበር።

የቦርከናዋ፦ እኔ ይሥራ ነው የምለው። ገጹ የሚከፈተው በሰውዬው አገር ነው፣ የሚያነቡትም የእሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ የሰው አገር ሰው የእኛን በዓል ሲያከብርልን ደስ ይለናል። አንተ ግን አልሠራም ካልክ ማንም ሊያስገድድህ አይገባም። እሱን አጥብቄ ነው የምልህ።

የጦሳ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሠራሁት፤ ለብቻው ፋይል ነው። ስሜን ከግርጌው አጠፋሁ። ለደንበኛው ምክንያቱን ጻፍኩለት፣ እዚህ ምን እንደሚያስከትልብኝ ሳልደብቅ። «ገባኝ» ብሎ መለሰ።

የሸዋ በር ልጅ፦ እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ባለፈው የገጹ የስልክ እይታ አልስተካከል ብሎኛል ብለህ ነበር። እሱን ላክልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።