ደመኛዋ ማርስ ላይ ነው፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት (እርዱኝ)

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሳይንስ ልቦለድ እየጻፍኩ አርባኛው ገጽ ላይ ተገትሬያለሁ። ዘመኑ ወደፊት ነው። የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ የሆነች ወጣት ታናሽ ወንድሟን ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ይወስድባታል። ከተማዋ ላይ ሦስት ቀን አዝንቤያለሁ። የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ሆን ብሎ ያጠፋው ሰውዬ ኋላ ማርስ ላይ ሹም ይሆናል። እርሷም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብላ የመኝታ ክፍሉን አየር የምታጠፋበት ዘዴ ታገኛለች። መግደል አትፈልግም፤ ደሙን መተውም አትችልም። ቁልፉ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ስታመነታ ያነበበች እህቴ «ፈሪ ናት» ብላ ወረወረችልኝ።

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ሦስቱን ገጽ ቀድደህ ጣልና ቁልፉን አስጫናት። የሬዲዮ መልእክት ከምድር ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀታቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በጣም በተራራቁበት ወቅት አድርገው። በአምስተኛው ደቂቃ ትጸጸትና «ሰርዝ» ብላ ትልካለች። ሁለቱም በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዙ ኋለኛው ፊተኛውን መቼም አይደርስበትም። ሌላም ነገር አለ፦ የአየር ማሽኑ ቢጠፋ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ለሰዓታት ስለሚያቆየው ሰውዬው አይሞትም። አየሩን ወደ ውጭ ካስወጣችው ግን በ15 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። የትኛውን እንደምትመርጥ አንተ ታውቃለህ።

የከዚራ ሰፈር ነዋሪ (ድሬዳዋ)፦ ዝናቡን አንቀበልህም! ደቻቱ የሚሞላው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው፤ እኛ ዘንድ አሸዋው ደርቆ ሊያመሽ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ውኃ በሌሊት ነው የመጣው። በማግስቱ የጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃው ከትከሻዬ በላይ መስመር ሠርቶ ነበር፤ ከመስመሩ ሥር አንድ የልጅ ነጠላ ጫማ ተለጥፏል። ከማመንታቱ ይልቅ ይህን ጻፍ።

ሌላ አባል፦ እኔ በበኩሌ ይገደል ባይ ነኝ። የወንድም ደም ነው።

እናት ከሐረር፦ ልጄ፣ እኔ ስለ ማርስ አላውቅም። በኦሮሞው ዘንድ ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ልኮ ካሣ የሚከፍልበት ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ። የእጁን ሳያምን ዕርቅ የለም። ያንተ ሰውዬ እስካሁን በነገርከን «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላለም። ቢልስ? ቃሉም መንገድ ላይ፣ የእርሷ ትእዛዝም መንገድ ላይ ቢሆኑስ?

ጠያቂ፦ እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሦስቱ ገጽ ተቀድዷል፤ ዝናቡም ወደ ደጋ ወጥቷል። መምህር፣ ቃሉ የሚደርሳት ቁልፉን በተጫነች በአሥረኛው ደቂቃ ቢሆን ስሌቱ ያስኬዳል?

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ያስኬዳል። መንገዱ 22 ደቂቃ ከሆነ፣ እርሱ የተናገረው ቁልፉን ከመጫኗ ከ12 ደቂቃ በፊት ነው።