ሾጣጣው ጥይት ለምን በጎኑ ይመታል?

ጥያቄ፦
ጠመንጃዬ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ የአፉ ስፋት 12.7 ሚሊሜትር። በጨርቅ የተጠቀለለች ድቡልቡል እርሳስ ስተኩስበት በ50 ሜትር ሦስቱን ቀዳዳ በመዳፌ እሸፍናቸዋለሁ። ከባድ ይሻላል ብዬ 25 ሚሊሜትር የሚረዝም ድፍን ሾጣጣ ባጎርሰው ግን ሁለቱ ዒላማውን ጭራሽ ሳቱት። ሦስተኛው ወረቀቱ ላይ ከጫፉ እስከ ግርጌው በቁመቱ ታትሟል። ባሩድ ልጨምር?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ባሩዱን እንዳትነካው። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ መወልወያ ዘንግህ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ጠምጥመህ፣ ዘንጉን በቀለም ምልክት አድርገህ ቀስ እያልህ አስገባው። በርሜሉ ውስጥ ተጠማዝዞ የተቀረጸውን፣ ጥይቱን የሚያሾረውን ቦይ ተከትሎ ይዞራል። ስንት ኢንች ሲገባ ስንት እንደዞረ ንገረኝ። ዘንጉ እጀታው ውስጥ በነፃነት የሚዞር ይሁን፤ እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ የእጄን አንጓ ስለካ ውያለሁ።

ጠያቂው፦
22 ኢንች ሲገባ የዙር ሲሶ ብቻ ዞረ።

መልስ፦
እንግዲያው አንድ ሙሉ ዙር በ66 ኢንች ነው። ለድቡልቡል የተሠራ ዘገምተኛ ቦይ። አንተ ክብደቱን አየህ፤ ቦዩ የሚጠይቀው ግን ርዝመቱን ነው፦ ጥይት በረዘመ ቁጥር ፈጥኖ ካልሾረ ይገለበጥና በጎኑ ይመታል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል ባወጣው ቀመር የጥይቱን ውፍረት በራሱ፣ ከዚያም በ150 አባዛና ለርዝመቱ አካፍል። ሾጣጣህ ለአንድ ዙር 968 ሚሊሜትር፣ ማለትም 38 ኢንች ገደማ ይፈልጋል። 12.4 ሚሊሜትር የሆነችው ድቡልቡል ግን 73 ኢንች ይበቃታል።

ሌላ አንባቢ፦
ታዲያ የ1853ቱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ኤንፊልድ በ78 ኢንች ቦይ እንዴት ሾጣጣ ተኮሰ?

መልስ፦
ጥሩ ይዘሃል። የእሱ ጥይት፣ እንደ ፈረንሳዩ የሚኒዬ ጥይት ሁሉ፣ ግርጌው ባዶ ነው። ባሩዱ ሲነድ ግርጌው ተለጥጦ ቦዩን ይይዛል፤ ክብደቱ ወደ አፍንጫው ስለሚያደላም ብዙ ሳይዞር ይቀናል። የጠያቂያችን ግን ድፍን ነው። 48 ኢንች ቦይ ድቡልቡሉንም ሾጣጣውንም ይችላል ይሉሃል፤ እኔን ሁለቱም እኩል አሳዝነውኛል። ሾጣጣ ካማረህ 28 ኢንች ቦይ ያለው በርሜል ፈልግ፤ በዚያ በርሜል ግን ድቡልቡሏን በብዙ ባሩድ አትግፋት፣ የያዛት ጨርቅ ብቻ ስለሆነ ቦዩን ዘላ ትወጣለች።

እስከዚያው ከተኮስህ በኋላ ፊት ለፊትህ የወደቀውን ጨርቅ አንሥተህ እየው።

ጠያቂው፦
ሁለት አገኘሁ። አንዱ ደህና ነው፤ ሌላው መሐሉ ተቃጥሏል። ቅባት ሳልቀባው የተኮስሁት እሱን ነበር።