የፎቶ ስልጠናው ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ይኸው። ማኅበሩ ከመጠባበቂያው ወጪ አድርጎ ለአባላት የ4 ቅዳሜ ስልጠና ያዘጋጃል። የምንማረው የምንሸጠውን ዕቃ እቤታችን፣ በስልካችን፣ ብዙ ሳናወጣ ፎቶ ማንሳት ነው። ካሜራ አይገዛም፣ ላይት ቦክስ (ዕቃ ውስጡ ተቀምጦ የሚነሳበት ባለ መብራት ሳጥን) አይገዛም። እያንዳንዱ አባል ይዞ የሚመጣው ስልክ፣ ነጭ ካርቶንና ለጀርባ የሚሆን ነጭ አንሶላ ነው። ዓርብ ለኮሚቴው አስገባዋለሁ። እባካችሁ በአንዲት ፊደል እንደተሰዳደብንበት የማኅበሩ ባነር እንዳታደርጉት።

ገንዘብ ያዥ፦ መጠባበቂያ የምትሉት ከባነሩ የተረፈችውን ነው። ለአሰልጣኝ የሚከፈል ካለ አሁኑኑ ይነገረኝ። በኋላ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ሸክላ ሠሪው፦ ምን አሰልጣኝ ያስፈልጋል፣ እኔ አለሁ። በነጻ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መስኮት ብቻ ነው። አምፖል ይጠፋል፣ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ይጠጋል፣ ብርሃኑ ዕቃውን ከጎን ይመታዋል፣ በማዶው በኩል ነጩን ካርቶን ታቆማላችሁ። ካርቶኑን ጠጋ ራቅ ስታደርጉት ጥላው ሲሳሳና ሲጠቁር በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ የትምህርቱ ግማሽ እሱ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ መጋረጃ ይጋረድ። እስከዛሬ ዝም ብዬ እንጂ አብዛኞቻችሁ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ትቀላቅላላችሁ። የቀን ብርሃን በብርሃን ቀለም መለኪያ ወደ 5500 ኬልቪን ነው፣ ቢጫው አምፖል 2700 ገደማ። ስልኩ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። አንድ ማሰሮ በአንድ ጎኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ብርቱካን መስሎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

የሳሙናዋ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልቀበልም። አንሶላ። ሰው የተኛበት ጨርቅ ላይ ሳሙና አስቀምጬ ንጹሕ ነው ግዙኝ አልልም።

ጸሐፊዋ፦ ታጥቦ ነው እኮ።

የሳሙናዋ፦ ታጥቦም አንሶላ አንሶላ ነው። ያስታውቃል። ጠርዙ ላይ ስፌት አለው።

ቦርሳ ሰፊው፦ ስፌቱን ከፎቶው ውጭ ማድረግ ነዋ። ለዚህ ነው ረቂቅ የሚቆመው?

የሻማዋ፦ ችግሩ መተኛቱ ሳይሆን መጨማደዱ ነው። ተኩሼው እንኳ አልሆነልኝም። ብርሃን ከጎን ሲመጣ እያንዳንዷ መስመር የራሷን ጥላ ትጥላለች። ደግሞ የእኔ ሻማ ነጭ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ምኑ ይታያል?

ሸክላ ሠሪው፦ ይታያል። ግራና ቀኙ ላይ ጥቁር ካርቶን አቁሚ፣ ጠርዙ ይጠቁርልሻል። ብርጭቆም እንደዚያ ነው የሚነሳው።

የሳሙናዋ፦ ወሬ አታስቀይሱ። አንሶላው ይወጣል ወይስ አይወጣም?

የጌጣጌጧ፦ እኔ የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ጽዳት ከየት መጣ? ባለፈው ያስቀመጥሽው ፎቶ ላይ ሳሙናው የተቀመጠው በምን ላይ ነበር? ፎጣ ላይ። ሰው ገላውን ያደረቀበት ፎጣ።

የሳሙናዋ፦ አዲስ ፎጣ ነው!! ታጉ እንኳ አልተነቀለም። የ3 ወር መዋጮ ያልከፈለች ሰው ስለ እኔ ፎጣ አያገባትም።

ገንዘብ ያዥ፦ የመዋጮ ጉዳይ እዚህ አይነሳ። ደግሞ 2 ወር ነው፣ 3 አይደለም።

የጌጣጌጧ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አሁን ሁሉም አወቀ።

ጸሐፊዋ፦ በቃ። ረቂቅ 2፦ «አንሶላ» ወጥቶ «ነጭ ጀርባ» ተብሏል። ሌላ?

ሸማኔው፦ ለምን ነጭ?

የሻማዋ፦ ይኸው።

ሸማኔው፦ እየጠየቅሁ ነው። ጋቢ በነጭ ላይ አያምርም።

ቦርሳ ሰፊው፦ ትላልቆቹ ነጭ ነው የሚሉት። አማዞን ላይ ዋናው ፎቶ ጀርባው ፍጹም ነጭ መሆን አለበት፣ ዕቃው ደግሞ የፎቶውን 85 በመቶ መሙላት አለበት።

ሸማኔው፦ እኛ አማዞን ላይ ነው የምንሸጠው?

ሸክላ ሠሪው፦ ለነገሩ ነጭ ብትዘረጉም ስልኩ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ያየውን ሁሉ ወደ መሐል ብርሃን ሊያመጣ ይሞክራል። ዕቃውን ነክታችሁ ያዙ፣ ፎከሱ ይቆለፍ፣ ከዚያ የብርሃኗን ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጉ። ደግሞ አፍንጫው ሥር ገብታችሁ አታንሱ። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የጀበናው ሆድ ተነፍቶ ይወጣል። ራቅ ብላችሁ፣ ስልካችሁ 2 እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው በእሱ። ሌንሱን ጥረጉ እንጂ ጎበዝ፣ የእጅ ቅባት ነው ፎቶውን ጉም የሚያስመስለው። ይኼ ሁሉ 2ኛው ቅዳሜ ላይ ይገባል ብዬ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ።

የሳሙናዋ፦ ጀርባው ከምን እንደሚሠራ ካልተጻፈ ሰው ተመልሶ አንሶላ ይዞ ይመጣል። ይጻፍ።

ቦርሳ ሰፊው፦ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቆጡ። የባነሩ ጀርባ ነጭ ነው። አይጨማደድም። ማንም አልተኛበትም።

የጌጣጌጧ፦ 😂

ጸሐፊዋ፦ ቀልድ ነው?

ቦርሳ ሰፊው፦ የምሬን ነው። ተከፍሎበታል፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይዋል።

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦ ባነሩ እኔ ጋ ነው። እስከዛሬ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። በአንዲት ፊደል ምክንያት ስድብ የጠገብኩበት ባነር ዛሬ በጀርባው ተፈለገ? ይግረማችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በፊደሏ ብቻ አይደለም፣ ደረሰኙም አልመጣም።

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦ ደረሰኙን ለአንተ በእጅህ ነው የሰጠሁህ። ምስክር አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ምስክሩ ይጻፍ እስቲ።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ሊቀ መንበር፣ ሁለታችሁም በእግዜር። የባነሩ ደረሰኝ የፎቶ ስልጠና አይደለም።

ሸክላ ሠሪው፦ ፕላስቲክ ያብረቀርቃል፣ በመስኮት ብርሃን መጀመሪያ ይሞከር። ሳትሞክሩ ረቂቅ ውስጥ አታስገቡ። በነገራችን ላይ ቅዳሜዎቹ አይመቹኝም፣ ሥራ ገብቶብኛል። በሌላ ቀን ከሆነ ንገሩኝ።

ጸሐፊዋ፦ አንተ ነህ እኮ አሰልጣኙ!

ጸሐፊዋ፦ ሰው አለ?

ጸሐፊዋ፦ ሸክላ፣ አይተኸዋል፣ መልስ እንጂ።

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦ ትናንት ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ። ባነሩን አመጣለሁ። ይቆረጥ ከተባለም ይቆረጥ። ፊደሏ ያለችበት ቁራጭ ግን ለእኔ ይሰጠኝ።

የሳሙናዋ፦ እኔም ስለ መዋጮው የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ፎጣው ግን አዲስ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 4። «ማኅበሩ ባነሩን ቆርጦ ለአባላት በእኩል ያከፋፍላል። ስልጠናው አሰልጣኝ ሲገኝ ይታያል።» ነገ ዓርብ ነው። ያስገባሁት ይኼን ነው በኋላ እንዳትሉኝ።

የሻማዋ፦ እኔ ዛሬ ጠዋት እንዲሁ ሞከርኩት። የድሮ ካላንደር ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፣ ታችኛውን ጫፍ ሳላጥፈው ጠረጴዛው ላይ ለቀቅኩት። የግድግዳና የጠረጴዛ መጋጠሚያ መስመር ጠፋ፣ አንድ ወጥ ሆነ። ግራና ቀኝ ጥቁር የጫማ ካርቶን አቆምኩ። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ፣ እጄ እንዳያነቃንቀው በ2 ሰከንድ ቆጣሪ። ነጩ ሻማ ጠርዙ ሳይቀር ይታያል። ፎቶው ከታች ነው፣ እስቲ እዩት።

የሳሙናዋ፦ «በእኩል» ሲባል በሜትር ነው ወይስ በሰው?

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ ላጠናቀቁ ብቻ።

የጌጣጌጧ፦ አውቄዋለሁ።