ጥቆማ፦ ጣርማ በርን ለሚወጣ መኪና የትኛው ቱርቦ ይሻላል?

የአይሱዙ ቱርቦ ተበላሽቶባቸው «ያገለገለ ከሶማሌ ተራ ላምጣ፣ አዲስ የቻይና ልግዛ ወይስ የራሴን ላስጠግን?» ብለው ከደብረ ብርሃን ለጠየቁን ወንድም የምመክረው የራስዎን ኦርጅናል ቱርቦ እንዲያስጠግኑ ነው።

ከሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ ሞተር፣ አናት ላይ ሲደርስ የሚያገኘው አየር በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ ከሌለው ጭነት ይዞ ሲወጣ መዳከሙ አይቀርም። ቱርቦ ግን በሚወጣው የጭስ ግፊት አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያሾራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ስለሚያስገባ፣ ብዙ ናፍጣ በደንብ ይቃጠላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የዘይት እጥረትና ቆሻሻ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ፒክአፕ ነው። አንድ ጋራዥ ያገለገለ ቱርቦ ገጠመልኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደብረ ሲናን አልፌ ስወጣ ፉጨት አሰማ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ጉልበቱም ጠፋ። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ አስፈትቼ በአፌ ብነፋው አየር አላሳለፈም፤ ውስጡ የቡና አተላ በሚመስል የተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ነበር። ቱርቦው ሲቀየር ቱቦውን ያጠበው ሰው አልነበረም።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ዘንጉን በጣትዎ ይዘው ይፈትሹት። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ችግር የለውም፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚላወስ ከሆነ ወይም የክንፎቹ ጫፍ ተበልቶ ካዩ ግን ይተውት። አዲሱን የቻይና የምቀበለው በከተማ ውስጥ ለሚሠራ መኪና፣ ያውም ዋስትና ከተሰጠው ብቻ ነው።

ጥገናው ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) በመለወጥ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ አይጠቅምም። ዘንጉን የያዘው የቱርቦው መሃለኛ ክፍል ተለውጦ በማሽን ባላንስ መደረግ አለበት፤ እኔም ለዚህ ስል 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ አሠርቻለሁ፤ መፍታትና መግጠሙን ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን በደንብ ሠርተውልኛል። ሲገጠም የዘይት ቱቦው ይታጠብ ወይም ይለወጥ፣ ዘይቱና ፊልትሮውም አብረው ይቀየሩ። ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙም ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፤ ሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረግጡ፣ ይሥራ።