የጄኔቫውን ንግግር ሳስተምር የተናጋሪውን ስም ልደብቅ?

የደሴዋ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ እዚህ የምመጣው የሰው ክርክር ለማንበብ ነበር፤ ዛሬ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ።

ስለ ንግግር ስናስተምር ለናሙና የሚቀርቡልን ስለ ችግኝ ተከላና ስለ ጊዜ አጠቃቀም የተጻፉ ናቸው። ተማሪው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ የእኔም ዓይን እዚያው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉትን ንግግር አሳጥሬ በሁለት ገጽ አባዛሁት። የማስተምረው ሁለት ክፍል ነው። ለአንደኛው ስምና አገር ሰርዤ ሰጠሁ፤ «ኢትዮጵያ» የሚለውን «አገሬ»፣ «ኢጣሊያ» የሚለውን «ወራሪው» አደረግሁት። ለሁለተኛው ግን የተናጋሪውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት አስቀድሜ ተረክሁላቸው።

ስም በሌለው ክፍል አንድ ልጅ ብቻ ነገሩን ጠረጠረ። እርሱንም ዝም እንዲል በዓይኔ ለመንሁት። የቀሩት ጽሑፉን ፈተሹት። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው መርዙን እንደ ጉም ሲያወርዱ የሚነግረውን ቦታ አንብቦ አንዱ «ይህ ሰው አይጮህም፣ ይቆጥራል» አለ። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ እጇን አነሣችና «ይህ ሰው ከሳሽ ነው ወይስ ተከሳሽ?» ብላ ጠየቀች። ምን ማለትሽ ነው ብላት ተናጋሪው ወራሪው መንግሥት ለግሉ የሚጠቅም ነገር እንዳቀረበለትና እንዳልተቀበለ የሚናገርበትን መስመር አሳየችኝ። «ማንም ሳይጠይቀው ይህን ለምን ይነግረናል?» አለች።

በሁለተኛው ክፍል ንግግሩን ያነበበ ሰው አልነበረም ብል ይቀለኛል። አርባ ደቂቃው ስለ ጃንሆይ ሲከራከሩ አለቀ። ግማሹ ቅዱስ አደረጋቸው፤ ግማሹ ሌላ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ተነሥቶ «አያቴ በ66ቱ ረሃብ ሁለት ልጆች ቀብራለች። እኚህ ሰው ስለ ሕዝብ መከራ ሲናገሩ እኔ በየትኛው ጆሮዬ ልስማ?» አለ። የምመልሰው አጣሁ። እዚህ ወሎ ውስጥ ነን፤ ይህን ጥያቄ ሌላ ቦታ ቢሆን አላገኘውም ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የትኛው ክፍል በትክክል አነበበ? በሚቀጥለው ዓመት ስሙን ልደብቅ ወይስ ልንገር?

ጠበቃው ከካዛንቺስ፦

ይደብቁ። ያ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክርክር ነው። ከስምንት ወር በፊት ሃምሳ መንግሥታት «ወረራ ተፈጽሟል» ብለው ወስነዋል፤ የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ ደግሞ ወራሪ ላይ ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል፤ ታዲያ ውሳኔያችሁን ለምን አትፈጽሙም ነው ነገሩ። መርዙ የወረደው ንጉሡ ደግ ወይም ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ችሎት ላይ ማስረጃ ያጣ ወገን የምስክሩን ጠባይ ማንሣት ይወዳል፤ ሁለተኛው ክፍልዎ ያደረገው ይህንኑ ነው። የልጁ ሐዘን እውነት ነው፤ ግን የሌላ መዝገብ ነው።

ጡረተኛ ነኝ፦

መምህርት፣ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠበቃው ወንድሜ ባለው ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹን ግን ንግግሩ ራሱ አይፈቅድለትም።

ከቋንቋው ልጀምር። ጃንሆይ የተናገሩት በአማርኛ ነው። የማኅበሩ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበሩ፤ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሊሰማ የሚችለው በአስተርጓሚ ነው። ሕይወታቸውን የማያውቅ ተማሪ «ሌላ ቋንቋ ስለማይችሉ ነው» ብሎ ያልፋል። ልጅ ተፈሪ ግን ሐረር ላይ ከእነ አባ ሳሙኤል ዘንድ ፈረንሳይኛ ተምረው ያደጉ ናቸው። ይህን ስታውቂ አማርኛው የችግር መሆኑ ይቀርና ምርጫ ይሆናል። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፊሽካ እየነፉ ሲሳደቡ፣ የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ «እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ» ብለው ሲጮሁ ቆመው ጠብቀው፣ ጸጥ ሲል በአማርኛ ጀመሩ። አንቺ የአማርኛ መምህርት ሆነሽ ይህን ከተማሪዎችሽ ልትደብቂ ነው?

ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያን ወደዚያ ማኅበር ያስገባት ማን ነው? እኚሁ ሰው ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳሉ ነው አባልነቱ የጸደቀው። የባርነትና የመሣሪያ ንግድ ጉዳይ እየተነሣባቸው፣ ቃል እየገቡ ነው የገቡት። በ1920 ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ፈረሙ። ስለዚህ በ1928 «ቃላችሁ የት ደረሰ?» ሲሉ እንደ ማንኛውም ተበዳይ አይደለም። አገራቸውን ለዚያ ማኅበር ያስያዙት ራሳቸው ናቸው። የሚወቅሱት የራሳቸውንም እምነት ጭምር ነው።

አሁን ወደዚያች ዝምተኛ ልጅ ልምጣ። ነጥብ ስጪልኝ፤ እንደ እርሷ ያለ አንባቢ በሥራ ዘመኔ ሁለት ሦስት ቢደርሰኝ ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተሸነፍን። አሸንጌ ሐይቅ ዳር ያለቀው ሰው አለቀ። ጃንሆይ ከዚያ ወደ ላሊበላ ሄደው ጸለዩና ደሴ በጠላት እጅ ስለገባች ዙሪያውን አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 24 በባቡር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጠላት ገባ። መውጣታቸውን እነ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ ራስ እምሩ በምዕራብ ለመዋጋት ቀርተዋል። ጄኔቫ ላይ የቆሙት ሰው ከወጡ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ልጅቱ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ከመስመሮቹ መካከል ሰማችው። ከሳሽም ተከሳሽም ናቸው።

ስለ ልጁ ግን ስለፈራሁ ወደ መጨረሻ ገፋሁት። እኔ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዓመት በዓሉ፣ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። ያ የእንግሊዞቹ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ ታየ። በማግሥቱ ጃንሆይ ወረዱ። እኔም ለብዙ ዓመት የጄኔቫውን ንግግር ማንበብ አስጠልቶኝ ኖሬአለሁ። ኋላ ግን አንድ ነገር ለይቼ ማየት ጀመርሁ፦ ከንግግሩ በፊት ያለው ሕይወት አለ፣ ከንግግሩ በኋላ ያለው ሕይወት አለ። የፊተኛው ተናጋሪው ሲጽፍ እጁ ላይ የነበረ ነው፤ ቃሉን ለመረዳት ይረዳል። የኋለኛው ተናጋሪውን ለመመዘን ይረዳል። ልጁ መመዘን ነው የጀመረው፣ መብቱም ነው። አንቺ ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስለነገርሻቸው ነው ንግግሩ የጠፋባችሁ።

ከባዝ አጠገብ፦

እኔ እንግሊዝ አገር አረጋውያን እየተንከባከብሁ የምኖር ነኝ፤ ታሪክ አልተማርሁም። ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት በባዝ ከተማ ሄጄ አይቻለሁ። ደህና ትልቅ ቤት ነው፣ ቅዝቃዜው ግን ሌላ ነው፤ እቴጌ መነን ክረምቱን ስላልቻሉት ወደ ኢየሩሳሌም እንደተመለሱ ስሰማ አልገረመኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተጻፈው እዚያ ቤት ነው፣ ከንግግሩ በኋላ በዓመቱ። አባታችን ጡረተኛው ስለ ልጅነታቸውና ስለ ማኅበሩ የነገሩን ብዙው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ታዲያ ንግግሩን የምንፈታበትን ሕይወት የነገረን ራሱ ተናጋሪው አይደለም? ይህም ተማሪዎቹ ይወቁት እላለሁ።

የደሴዋ መምህርት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ነጥቡን ሰጥቻታለሁ፤ ያሉትንም አንብቤላት አንገቷን ደፋች።

ለጠበቃው፦ የሌላ መዝገብ ነው ያሉትን ለልጁ ነገርሁት። «የአያቴንስ መዝገብ ማን ከፈተላት?» አለኝ። ከዚህ በላይ አልገፋሁም።

ለባዟ እኅቴ፦ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቼ የታተመበትን ዓመት አየሁ፤ የመጀመሪያው ቅጽ 1965 ዓ.ም. ይላል። ባዝ ላይ ተጽፎ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ወሎ ሲራብ ታተመ። ይህን ለክፍሉ ልንገር አልንገር ገና አልወሰንሁም።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ትናንት ሁለተኛውን ክፍል የንግግሩን የመጨረሻ ቦታ ብቻ ሰጠኋቸው፤ ተናጋሪው ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅበትን። በዚያ ዕለት ተናጋሪው የሚያውቀውን እንጂ በኋላ የሆነውን ሳትጨምሩ አንድ አንቀጽ ጻፉ አልኋቸው። ልጁ ጻፈ፤ ደህና አድርጎ ነው የጻፈው፤ ስለ አሸንጌ ነው። ከሥሩ ግን በእርሳስ፣ እንዳልቆጥርበት ይመስላል በጣም አሳንሶ፣ «አያቴም ይህንኑ ጠይቃለች» የሚል አለበት። ያንንም ቆጠርሁለት።

አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጃንሆይ እዚሁ ደሴ ላይ ሳሉ ከተማችን በአውሮፕላን ተደብድባ እንደነበር፣ እርሳቸውም መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ እንዳለ አውቃለሁ። ቦምቡ የወደቀበትን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። አውሮፕላኖቹን የሚቆጥርበትን ክፍል እዚያ ወስጄ ነው የማስነብባቸው፤ ከትምህርት ቤታችን በእግር የሚደረስ ከሆነ።