5 ሊትር ዘይት ለምን 5 ኪሎ አልሆነም?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። 5 ሊትር የሚል የተጻፈበት ጀሪካን ዘይት ገዝቼ ብመዝነው ከነጀሪካኑ 4.8 ኪሎ ሆነ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው ሲባል ነው የማውቀው። ተጭበርብሬ ይሆን? ደግሞ የኬክ አሠራር ላይ «2 ኩባያ ዱቄት» ይላል፤ መለኪያ ኩባያዬ 250 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 500 ግራም ልመዝን?

አባል 1፦ ምን ጥያቄ አለው፣ 200 ግራም ጎድሎብሻል። መልሺላቸው!

አባል 2፦ ኧረ ቀስ! ሊትር የሚለካው ዕቃው የሚይዘውን መጠን ነው፤ ክብደት ሌላ ነገር ነው። ሊትሩ ኪሎ የሚሆነው ውሃ ነው። የምግብ ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚሁ ነው፤ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ሊትር 4.6 ኪሎ ይሆናል፣ የቀረው የጀሪካኑ ነው። ማር ቢሆን ደግሞ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ይጠጋ ነበር።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ጀሪካኑ ራሱ 5 ሊትር ባይዝስ?

አባል 3፦ በውሃ ፈትሺው። ዘይቱ የደረሰበትን ሳትከፍቺው በማርከር አስምሪ። ሲያልቅ አጥበሽ አድርቂና ባዶውን መዝኚ፤ ከዚያ እስከ መስመሩ ውሃ ሞልተሽ ድገሚው። ልዩነቱ 5000 ግራም ከሆነ 5 ሊትር ነው። እስከ አፉ እንዳትሞዪው፣ ጀሪካን ከተጻፈበት በላይ ይይዛል። ሚዛንሽ የሰው መመዘኛ ከሆነም ለ200 ግራም አትመኚው።

አባል 4፦ ዱቄቱን 500 ግራም ካደረግሽው ኬኩ አይበላም 😄 በማንኪያ እየጨመርሽ ከላይ ካስተካከልሽው የአንቺ ኩባያ 125 እስከ 130 ግራም ይይዛል። ጠቅጥቀሽ ከሞላሽው 150 ሊያልፍ ይችላል። ስኳር ከሆነ 200 ያልፋል። አሠራሩ የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ኩባያቸው 237 ሚሊ ሊትር ነው።

አባል 2፦ እኔን ከዘይቱም ከዱቄቱም ይልቅ የሚያሳስበኝ የልጆች ሽሮፕ ነው። «በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም» ሲል፣ 5 ሚሊ ሊትሩ የሽሮፑ መጠን ነው፤ 250ው በዚያ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ሁሉንም «ሚሊ» ብለን ስለምንጠራው ይምታታል።

ጠያቂ፦ በሻይ ማንኪያ ብሰጥስ?

አባል 3፦ የቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል። አብሮት በመጣው መለኪያ ስጪ፤ ከሌለ ፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቂ።